ከመቶ ሠላሳ ሰባት ጊጋ ወዲያ

ማስጠንቀቂያውን ሰምቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ለረጅም ጊዜ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ስለኖርኩ ነው።

የሰማሁት ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ነው፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በሚገኝ ባለ አንድ በር የኮምፒውተር ሱቅ። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሱቁ ባለቤት ቤተሰቦቹ ከጅማ በኩል የመጡ፣ ወደ ሠላሳው የሚጠጋ ሰው ነው። ወንድሞቹ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ሲለኩ እሱ ሽቦ ይበይዳል። በእጄ አንድ አሮጌ የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኬዝ ይዤ ነበር። ውስጡ ያለው አርባ ጊጋ ዲስክ ሞልቶብኛል። ኬዙ ግን ደህና ስለሆነ፣ ዲስኩን ብቻ በትልቅ ለውጬ ወደ ቤት ልመለስ ነው ሐሳቤ።

አምስት መቶ ጊጋ ዲስክ አወጣልኝ። በራሱ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ኬዝ ሰክቶ አዘጋጀው። ከዚያ የኔን ኬዝ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አነበበና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ጥሩ ነው። ኬዙ ግን አይሆንም።»

«ለምን? ይገባል እኮ።»

«መግባቱንስ ይገባል። የቆጠራ ነገር ነው። ይሄ የድሮ ነው፤ ከመቶ ሠላሳ ሰባት ጊጋ በላይ መቁጠር አይችልም። እዚያ ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል።»

«ከአንድ ሲጀምር ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ያስቀመጡት ላይ ይጽፍበታላ።»

ዲስኩን ወደ ኔ ኬዝ አዛውሮ እንዲሰካው ጠየቅሁት፤ ሰካው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር አራት መቶ ስድሳ አምስት ጊጋ ይላል። ቀደም ሲል በሌላው ኬዝ ያየሁት ቁጥር ነው፤ አንድም አልጎደለም።

«ይኸው አወቀው» አልኩት።

«ቁጥሩ የተጻፈው ዲስኩ ላይ ነው ጋሼ። ግቢው በር ላይ 'አምስት መቶ ቤት' ተብሎ ተጽፏል፤ ዘበኛው ግን እስከ መቶ ሠላሳ ሰባት ብቻ ነው የሚቆጥረው። ኮምፒውተርዎም ያው የድሮው ነው አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው አዲስ ኬዝ አለኝ፤ ልስጥዎት።»

እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ። «እንደሱ በለኛ» አልኩት። «ነጋዴ ነህ።»

«ነጋዴማ ነኝ። ነጋዴም እኮ አንዳንድ ቀን እውነት ያመልጠዋል» ብሎ ሳቀ። ዲስኩን ሲሰጠኝ ግን አልሳቀም። «ካልሆነም ከመቶ ሃያ አያሳልፉት። ወላሂ ነው የምልዎት።»

ለሬዲዮ ነበር የምሠራው። ሥራውን ያስተማረኝ አዛውንት አርታኢ አንድ ደንብ ነበረው፤ ጥቅም ያለው ሰው የሚነግርህን ግማሹን ተወው፣ ግማሹን ደግሞ ጥቅም የሌለውን ሰው ጠይቅ። በዚህ ደንብ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ማዳበሪያ ደረሰ ብሎ ኃላፊ ሲነግረኝ መጋዘኑን ሄጄ አያለሁ። መንገዱ ተጠገነ ሲሉኝ በመንገዱ እሄዳለሁ። ያን ቀን ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን ብቻ ተጠቀምኩበት። የባለሱቁን ቃል ኬዝ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ተውኩት፤ ሌላ ሰው ግን አልጠየቅሁም። ሚዛን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎች በየቀኑ በባጃጅ ያልፉኛል። አንዱን አስቁሞ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ዲስኩን የገዛሁት ለአንድ ድምፅ ብዬ ነው።

ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ፣ ደኑ መንገዱን ከሁለት በኩል ማጥበብ ከሚጀምርበት አካባቢ አንድ አዛውንት ነበሩ። ንብ አርቢ ናቸው። ስለ ጫካ ማር ለምሠራው ዝግጅት ቃላቸውን ልቀዳ ሄጄ ነው የተዋወቅነው። እዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ቀፎ የሚሰቅልበትም ዛፍ የዚያ ሰው ነው። አጥር የለም፤ ድንበሩ የዛፎቹ ተራ ነው። አባት ለልጁ ድንበር ሲያወርስ ዛፎቹን በቅደም ተከተል በቃሉ ይነግረዋል። እሳቸው ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ቀፎ መስቀል የወንድ ሥራ ነው በሚባልበት አገር እሷ ገመድ ይዛ ትወጣለች።

ለዝግጅቱ የሚያስፈልገኝን ከቀዳሁ በኋላ መቅጃውን ላጠፋ ስል እጄን ያዙ።

«ቆይ ልጄ። ይሄ የሚይዘው ነገር ይቆያል?»

«ይቆያል አባባ።»

«እንግዲያው ዛፎቼን ልንገረው።»

ተቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ቆጠሩ። ለኔ ሲሉ በአማርኛ ይናገራሉ፤ የዛፎቹን ስም ግን በራሳቸው ቋንቋ ይጠሩና ምክንያቱን ይነግሩኛል። ገመድ የበጠሰው፤ መብረቅ የመታው፤ መንታው፤ አንዲት መንገደኛ ከሥሩ የወለደችበት፤ ጉሬዛ የሚያድርበት፤ ከወንዙ አፍ ያለው። ከዚያ ወንዙን ተሻገሩ። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር። «አባዬ፣ ከዛፍ ላይ ወርደህ ትንሽ እረፍ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ሳያቋርጡ እጃቸውን አወናጨፉባት።

ሲጨርሱ «አታጥፋው» አሉኝ። «እኔ ጋ ይኸን የሚይዝ ነገር የለም። አንተ ጋ ይቀመጥ። አደራ።»

«አላጠፋም አባባ» አልኩ።

ማስታወሻ ደብተሬ ዛሬም አለ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ስለ ማሩ፣ ስለ ጢሱ፣ ስለ ቀፎው አሠራር ሦስት ገጽ ተኩል ጽፌያለሁ። ስለ ዛፎቹ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ «የዛፎቹ ተራ፦ ከቅጂው ይሰማ።»

ጣቢያው ዝግጅት ከተሰራጨ በኋላ ጥሬ ቅጂ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም፤ የኔም አሮጌ ዲስክ ሞልቷል። ስለዚህ አዲሱን ገዛሁና ከሁሉ በፊት የአዛውንቱን ድምፅ አስገባሁበት። ከዚያ የመቅጃውን ማህደር ለሚቀጥለው ጉዞ አጸዳሁ። ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፤ ገልብጥ፣ አጥፋ፣ ውጣ። ኮምፒውተሬ ቀርፋፋ ስለነበር መገልበጡ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሲጨርስ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ አይቼ ዕድሜዬን ሙሉ የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር።

በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የውኃ ቦኖ ምረቃ፣ የቡና ለቀማ፣ የመምህራን ስብሰባ፣ በቪዲዮ የተቀዳ የእግር ኳስ ውድድር ሁሉ እዚያ ገባ። መቶ ሃያ ጊጋን መቼ እንዳለፍኩ አላውቅም። ምልክት አልሰጠም፤ አልቆመም፤ አልጮኸም። የባዶው ቦታ ቁጥር በሥርዓቱ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ቁጥሩን እያየሁ ሳስገባ፣ ኬዙ ከመጀመሪያው ላይ እየጻፈ ነበር።

አዛውንቱ በሁለተኛው ክረምት አረፉ። እኔ የሰማሁት ልጃቸው ሚዛን ድረስ ስትመጣ ነው። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሷል፤ ከቴፒ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ተቀብሮ ተሳፋሪው ሁሉ ገፍቶታል።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከወንዙ ወዲያ ያሉት የኔ ናቸው አለ» አለችኝ። «እስከ ወንዙ ላንቺ፣ ከዚያ ወዲያ ለኔ ይላል። አባቴ ግን ተሻግሮ ሲቆጥር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርስዎም ነበሩ።»

«ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል?»

«ተቀምጠዋል። የኔን ቃል የባለጉዳይ ቃል ነው ብለው አልተቀበሉም። የአባቴን ድምፅ ግን እንሰማለን አሉ። የሞተ ሰው አያዳላም አሉ።»

እዚያው ቅጂውን ከፈትኩት። ስሙ በቦታው አለ፤ ርዝመቱም ልክ ነው። ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎም የአዛውንቱ ድምፅ፤ «እንግዲያው ዛፎቼን ልንገረው።» ልጅቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ዘጋሁት። ለእሷ አዝኜ ነው የዘጋሁት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እሷን ከሸኘሁ በኋላ ግን ሙሉውን ለመስማት ሦስት ቀን ነበረኝ፤ አልሰማሁትም። ወደ ፍላሽ ገለበጥኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። በሟቹ ግቢ፣ ከእንሰቱ ጥግ በተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። አጎትየው ከወንድ ልጆቹ ጋር በአንድ ወገን፣ ልጅቱ ብቻዋን በሌላ ወገን። እኔ መካከል። ፍላሽ የሚቀበል ሬዲዮ ይዘው ጠበቁኝ፤ ሰካሁትና ከፈትኩት።

ሳሉ ተሰማ። አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ዛፎቹን መቁጠር ጀመረ፤ ጉልበታቸውን የሚመቱት ሁሉ ይሰማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በየዛፉ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አጎትየውም ይነቀንቃል፤ በእነዚያ ክርክር የለውም። ስድስተኛው፣ ከወንዙ አፍ ያለው፣ ተቆጠረ። «ከዚያ ወንዙን…» አሉ አዛውንቱ።

ጭብጨባ መጣ።

ብዙ ሰው የሚያጨበጭበው ረጅም ጭብጨባ ነበር። ከጭብጨባው ሥር አንድ ድምፅ እየጎላ ወጣ፤ «በምረቃ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የተገኙት እንግዶች ቦኖውን ከጎበኙ በኋላ…» ድምፁ የኔ ነበር።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡና ሬዲዮውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ይሄ አንተ ነህ» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

አጎትየው ከወዲያ ሆኖ «ወንድሜ ወንዙን ሲሻገር መንግሥት ሆነ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ወደፊት አሳለፍኩት፤ ስለ ቦኖው እያወራሁ ነው። አሁንም አሳለፍኩት፤ ያው ነው። እስከ መጨረሻው እኔው ነበርኩ። ጣቴን ከሬዲዮው ላይ ሳላነሳ የባለሱቁ ዘበኛ ትዝ አለኝ። መቶ ሠላሳ ሰባት። የሆነው ምን እንደሆነ እዚያው፣ ወዲያው፣ ያለ ምንም ጥርጥር አወቅሁ።

ዋናው ሽማግሌ ሬዲዮውን እንዳጠፋ በእጃቸው አሳዩኝ።

«በጊዜው ነበርክ። ከወንዙ ወዲያ ምን አለ?»

«ተሻግረው ስለ ዛፎች ማውራታቸውን አስታውሳለሁ» አልኩ። «የማን ናቸው እንዳሉ ግን አላስታውስም። የራሳቸውን ይሁን የወንድማቸውን፣ መለየት አልችልም። በዚህ ልምል አልችልም።»

ይህ እውነት ነበር። ልጅቱ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ንግግሬን እንደወደዱት ፊታቸው ላይ ይነበባል። ዋናው ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጥሩ ተናገርክ። አሁን ደግሞ ይህን ንገረን። አደራው የጠፋው በእጅ ነው ወይስ በእሳት?»

አልገባኝም አልኳቸው።

«በእጅ ማለት ጠባቂው ችላ ብሎ። በእሳት ማለት ማንም ሳይነካው፣ መዓት መጥቶበት።»

ብዙ ዓመት ሙሉ ሰው ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ሰው ሊዋሽ ሲል መልሱ ትንሽ እንደሚፈጥን አውቃለሁ። እኔም ፈጠንኩ።

«በእሳት ነው» አልኩ። «የተሸጠልኝ ዲስክ ብልሹ ነበር።»

«ከየት ገዛኸው?»

«ሚዛን፣ ከመናኸሪያው ሥር ካለ ሱቅ።»

ለመማል እምቢ ያልኩ ሰው ስለሆንኩ ወዲያው አመኑኝ። በዚያች እውነት ላይ ቆሜ ነው የዋሸሁት።

ሽማግሌው ተነሥተው ፍርዱን ተናገሩ። «በእጅ ጠፍቶ ቢሆን ጥርጣሬውን ለልጅቱ እንሰጣት ነበር። ጠባቂው ባጠፋ አደራው የተቀመጠላት አትጎዳም። በእሳት ከጠፋ ግን ያልተሰማ አልተሰማም። ስድስቱን ሰምተናል፤ ስድስቱ የሷ ናቸው። ከወንዙ ወዲያ ለአጎትየው።»

ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር ነው የገባኝ። እሳቸው እየተናገሩ ሳለ መናገር እችል ነበር። ሲጨርሱም እችል ነበር፤ ሰው ገና አልተነሣም። ተሳሳትኩ፣ በእጅ ነው ማለት ሦስት ቃል ነው። ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ልጅቱ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። በፕላስቲክ ዕቃ አንድ ኪሎ የሚሆን ነጭ ማር ይዛለች።

«የአባቴ የመጨረሻው ቀፎ ነው» አለችኝ። «የማላስታውሰውን አልምልም ማለትዎ ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ለኔ ሲል ይምል ነበር፣ ወይ ለሱ ሲል።»

ማሩን ተቀበልኩ። ሚዛን ወስጄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከፍቼ አልቀመስኩትም፤ መልሼም አልሰጠሁትም።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሌሎቹን ፋይሎች ስመረምር፣ መጀመሪያ ያስገባኋቸው በሙሉ እንደዚያው ሆነዋል። ስማቸው አለ፤ ውስጣቸው ሌላ ነው። ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጠየቅሁ፤ መጀመሪያ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ሰው። «ዲስኩ ምንም አልሆነም፣ ኬዙ ነው» አለኝ፤ ከዚያም ባለሱቁ ያለኝን በሌላ ምሳሌ ደገመልኝ። ሁለት ምንጭ ሆኑ። ዜናው ተረጋገጠ፤ ግን ለማንም አላወራሁትም።

ከዚያ በኋላ ወደ መናኸሪያ ስሄድ በሌላው መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ዙሪያ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ ይበዛበታል። ሥራዬን ግን እንደበፊቱ እሠራለሁ። ኃላፊዎችን እጠይቃለሁ፤ «በዓይንዎ አይተዋል?» እላለሁ፤ ሲያምታቱ እይዛቸዋለሁ። ማይክሮፎኑን ወደ ሰው አፍ ባስጠጋሁ ቁጥር ያ ጥያቄ ወደኔ የዞረ ይመስለኛል። ማንም ግን ምንም አያይብኝም። የሚያሳፍረኝ አንዱ ነገር ይህ ነው።

ዓመት ካለፈ በኋላ ባለሱቁን ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኘሁት። የወንድሙ ሱቅ በር ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ዘወር የምልበት ቦታ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ። ዲስኩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ሻዩን አስቀመጠ። «አንዲት ሴት ከቴፒ በኩል መጥታ ነበር። ቆይቷል፤ ባለፈው ጥጥ ለቀማ ጊዜ ነው… አይ፣ ቡና ለቀማ ጊዜ። የሸጥከው ዲስክ ብልሹ ነው፣ የአባቴን ድምፅ መመለስ ትችላለህ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ዲስኩ ብልሹ አይደለም፤ ነግሬያቸው ነበር አልኳት። ምን ልበል?» ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በሌለበት ዕቃው የታማበት ነጋዴ ድምፅ ነበር። «ከዚያ ወዲህ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ዲስክ ሲገዛኝ 'ብልሹ አይደለም አይደል?' ይለኛል። ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ እኮ ነግሬዎት ነበር ጋሼ።»

«ነግረኸኛል» አልኩት። «ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንተ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሻዩን መልሶ አነሣ። «ለኔ ነግረውኝ ምን ይሆናል» አለ ቀጥሎ። «እዚያ ነው የሚነገረው።»

በማግሥቱ ወደ ቴፒ ተሳፈርኩ። ከቴፒ ወዲያ በአንድ አይሱዙ ላይ ከከረጢት ጋር ሄድኩ። ልጅቱን ግቢዋ ውስጥ አገኘኋት፤ ከቀርከሃ አዲስ ቀፎ እየሸመነች ነው። ሰላምታ ሰጥታኝ፣ መቀመጫ አውጥታልኝ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቆሜ ነገርኳት። ምንም ሳልቀንስ፣ ባለሱቁ ያለኝን፣ እኔ የመለስኩትን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩትን በቅደም ተከተል ነገርኳት። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ነገሩን አሳምሬ አቀረብኩት፤ ያም አሳፈረኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ቀርከሃውን ከጥርሷ አውጥታ።

«ካወቅሽ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልነገርሽም?»

«እኔ ብናገር የባለጉዳይ ቃል ነው። አደራ በእጅ ጠፋ የሚለው ያጠፋው ራሱ ነው። እንደዚያ ነው እኛ ጋ።» ከዚያ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ከስድብ ይከብድ ነበር። «ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ለቡና ለቀማው ይመጣሉ አልኩ። ከዚያ ለፋሲካ አልኩ። ኋላ ላይ መጠበቁን ተውኩት።»

«ማሩን እንኳ አልቀመስኩትም» አልኳት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

«ምነው? ማሩ ምን አደረገ?»

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን ተሰበሰቡ። ከአምስቱ አንዱ ሞተዋል፤ እኚያ ሳቃቸውን በሳል የሸፈኑት። ዋናው ሽማግሌ በዚያው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆሜ «በእጅ ነው» አልኩ። የባለሱቁንም ስም አነሣሁ፤ እሱ እንዳስጠነቀቀኝ፣ የሸጠልኝ ዲስክ እንከን እንደሌለው ተናገርኩ። ማንም አልገሠጸኝም። አጎትየው ብቻ «ያኔ መንግሥት ነበርክ፣ ዛሬ ሰው ሆነህ መጣህ» አለ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ወደ እንሰቱ ሥር ሄደው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ሲመለሱ ዋናው እንዲህ አሉ።

«በእጅ ከሆነ ጥርጣሬው የልጅቱ ነው፤ ያኔም ብለናል። ከወንዙ ወዲያ ያሉት ዛፎች የሷ ናቸው። ነገር ግን አጎትየው የኛን ፍርድ ይዞ ቀፎ ሰቅሏል፤ ንብም ገብቶበታል። ንብ ያለበትን ቀፎ የሚያወርድ ሰው የለም። አዲስ አይሰቅልም፤ የተሰቀለው ግን አርጅቶ እስኪወድቅ ይኖራል። ሲወድቅ ዛፉ ለልጅቱ ይመለሳል።»

ስንት ቀፎ ነው ብዬ ጠየቅሁ። «አሥራ አንድ» አለ አጎትየው። «ጥሩ ቀፎዎች ናቸው፣ በራሴ እጅ የሠራኋቸው።»

እኔ ዓመት ዝም ባልልና በማግሥቱ ብመለስ ኖሮ አንድም ቀፎ ባልተሰቀለ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቁጥሩን ከሰማሁ በኋላ ራሴ የደረስኩበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ልጅቱ ግቢ ጎራ እላለሁ። ኬዙን ባለሱቁ ወስዶ ሰባብሮ ጣለው፤ ሌላ ሰው እንዳይገዛው ብሎ። ዲስኩ አሁን በአዲስ ኬዝ ይሠራል፤ የአዛውንቱ ስድስት ዛፎችና ሳላቸው አለበት፣ ጭብጨባውም አለበት። ጭብጨባውን ቆርጬ አላወጣሁትም። ስድስቱን ለልጅቱ በፍላሽ ሰጠኋት፤ በወረቀትም ጻፍኩላት።

ባለፈው ክረምት ሳልፍ ልጅቱ ከዛፍ ወርዳ ገመዷን እየጠቀለለች ነበር።

«ስንት ቀረ?» አልኳት፣ ሁልጊዜ እንደምለው።

«ሰባት። አራተኛው በቀደም ነፋስ ጣለው።» ገመዱን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ በየጊዜው እየመጡ ባይጠይቁኝ ይሻላል። ቀፎው እርስዎን ፈርቶ አይወድቅም።»